የረቡዕ ባለጉዳይ

ወደ አራት ኪሎ ከሚያወጡት ጎዳናዎች አንዱ ግራና ቀኙ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሞላ ነው። ካርታው አንድ ስም ይሰጠዋል፤ የታክሲ ረዳቶች በሌላ ስም ይጠሩታል፤ ጉዳይ ያለበት ሰው ግን «እዚያ» ብሎ ያልፈዋል። «ዛሬ እዚያ ነበርኩ» ያለ ሰው እንዴት እንደ ዋለ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ በብብቱ የላስቲክ ማህደር ይዞ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፣ በመጨረሻ «ረቡዕ ተመለስ» ተብሎ መጥቷል። ረቡዕ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት ቀን ነው። በሌሎቹ ቀናት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ባለጉዳይ እስካሁን አልተገኘም።

አቶ አምሐ ወልደ ሰንበት በዚህ ጎዳና ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያገለግሉ «ረቡዕ ይመለሱ» ከሚሉት ወገን ነበሩ። ያገለገሉበት ሚኒስቴር በእርሳቸው ዘመን አምስት ጊዜ ስም ቀይሯል፤ ሁለት ጊዜ ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተጋብቶ አንድ ጊዜ ተፋትቷል፤ ሠራተኞቹም ስሙን መከታተል ሲያቅታቸው «ሚኒስቴሩ» ብለው ተገላገሉ። አቶ አምሐ ግን ከምድር ቤቱ መዝገብ ቤት ንቅንቅ አላሉም። የሦስት ሺህ ማህደር ቁጥር በቃላቸው ይዘው ስለነበር፣ ሚኒስቴሩ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት ባልደረቦቻቸው «ኮምፒውተር» የሚል ስም አወጡላቸው። እውነተኛው ከተገዛ በኋላም ስሙ አልተነጠቀባቸውም፤ የተገዛው ብዙ ጊዜ ይበላሽ ነበርና። ከባለጉዳዮቹም አብዛኞቹ የሚያውቋቸው በዚሁ ስም ብቻ ነበር።

ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው ቀራንዮ ነው፤ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ የጎረቤት ባለ አምስት ፎቅ የጠዋት ፀሐዩን የወሰደበት የጭቃ ቤት። እዚያ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወለተጻድቅ ጋር ይኖራሉ። ሰፈሩም ሰው በጡረታ ሥራ ፈቶ ሲያይ ስለማይወድ የእድር ጸሐፊ አድርጎ መረጣቸው፤ ከጸሐፊነቱ ጋር ደግሞ በመተዳደሪያ ደንቡ ያልተጻፈ አንድ ሥራ ተከተለ። ሰው ሲሞት፣ ግብዓተ መሬቱ ከመፈጸሙ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ያንን መጻፍና ማንበብ የአቶ አምሐ ሆነ።

ተክነውበታል። ጠጪው በእርሳቸው ብዕር «ሰው ወዳድ» ይሆናል፤ ቁጡው «ለእውነት ወደ ኋላ የማይሉ»፤ ዕድሜውን ሙሉ ምንም ያልሠራው ደግሞ «ትሑት»። ከቀራንዮ እስከ ዓለም ባንክ የሌላ እድር አባላት ሳይቀሩ ቤታቸው ድረስ እየመጡ ያስጽፏቸዋል። «አንድ ቀን በሕይወት ያለ ሰው መጥቶ የራሱን ይጽፍልኝ ይልሃል፤ እንዲህ ካሳመርከውማ መሞት ያጓጓል» ይላሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

ይህ ሁሉ ደግና ሰላማዊ ኑሮ ነበር፤ አንድ ነገር ባይኖር። ለአቶ አምሐ በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ የሞተ ሰው ይታያቸው ነበር።

ሟቹ አቶ ፈቀደ ሰብስቤ ይባላሉ፤ የሚኒስቴሩ የግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ ናቸው። በ1995 ዓ.ም. አንድ ጀነሬተር ጠፋ። ጀነሬተር እንደ እስክሪብቶ በደረት ኪስ ተሰክቶ የሚወጣ ዕቃ አይደለም፤ ቢሆንም የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ስለነበር ከሥራ ታገዱ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ዓመት ሙሉ ተሰበሰበ፤ ውሳኔውን ጽፎ ፈረመ፤ ውሳኔውም በአቶ ፈቀደ ማህደር ውስጥ ተያይዞ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ከዚያ ማህደሩ የውሃ ሽታ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሚኒስቴሩ ተፋታ፤ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሞቱ፣ አንዱ ውጭ አገር ቀሩ፣ ሦስተኛው ሲጠየቁ «መፈረሜን አስታውሳለሁ፤ ምን ላይ እንደ ፈረምኩ ግን አላስታውስም» አሉ።

አቶ ፈቀደ በየረቡዑ መምጣት ጀመሩ። ግራጫ ካፖርት ለብሰው፣ የታጠፈ ጥቁር ጥላ ይዘው፣ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አጎንብሰው አንዲት ቃል ይጠይቃሉ። «ተገኘ?»

«አልተገኘም፤ ረቡዕ ይመለሱ» ይላሉ አቶ አምሐ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጥተው፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ እስከ ቀትር ይቀመጣሉ። ይህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀጠለ። አቶ አምሐም እንደ ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች «የለም» ብለው ብቻ አልተቀመጡም፤ በእውነት ፈልገዋል። መሰላል ወጥተዋል፤ የተጣሉ ማህደሮች የታጨቁባቸውን ጆንያዎች ፈትተዋል፤ ሲደክማቸውም ጥግ ላይ ያለውን ትልቁን የብረት መደርደሪያ ተደግፈው ላባቸውን ጠርገዋል። አንድ ማህደር ከኮምፒውተር እጅ መጥፋቱ ለእርሳቸውም የስም ጉዳይ ነበርና። አንድ ቀን በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «ማህደርዎ ከዚህ ሕንፃ አልወጣም፤ ካለ እዚሁ ነው፤ ይህን በሙሉ አፌ እነግርዎታለሁ» አሏቸው። አቶ ፈቀደ ይህችን ቃል እንደ ሰነድ ተቀብለው ሄዱ።

ሚኒስቴሩ አሮጌውን ሕንፃ ለቅቆ ወደ ኪራይ ፎቅ ሲዛወር፣ ለአቶ አምሐ ጡረታ አንድ ወር ሲቀረው፣ ተሸካሚዎች ትልቁን መደርደሪያ አነሡ። ከአንደኛው እግሩ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ወፍራም ማህደር እንደ ጡብ ጠንክሮ ተገኘ። አቶ አምሐ ቁጥሩን ከሩቅ አወቁት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቃላቸው ይዘውታል። በ1996 ክረምት የጣውላው ወለል ሰጥሞ መደርደሪያው ሊወድቅ ሲል፣ ከጠረጴዛቸው ላይ ወፍራሙን ማህደር ቁጥሩን ሳያዩ አንሥተው «አናጢ እስኪመጣ» ብለው ራሳቸው ነበሩ የወተፉት። አናጢ ይላክልን የሚለው ደብዳቤ በጊዜው ተጽፏል፤ ቀሪውም በሥርዓቱ ፋይል ሆኗል። አናጢው ግን አልመጣም፤ መደርደሪያውም ቀጥ ብሎ ስለቆመ ነገሩ ተረሳ።

ማህደሩን ደረታቸው ሥር ሸሽገው ወደ በሩ ሮጡና ጥበቃውን ማሙሽን ያዙት።

«ያ ጥላ የሚይዙት ሽማግሌ የት አሉ? ሁለት ረቡዕ አላየኋቸውም።»

ማሙሽ አሰበ። ግንቡ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ለማሙሽ ደግሞ ባለጉዳይ ሁሉ አንድ ነው። «እሳቸውማ ሞቱ፣ ጋሼ። ጓደኛቸው ነው የነገረኝ።»

አቶ አምሐ ማህደሩን ቤታቸው ወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሠርጋቸው ቀን ኮት በታች አኖሩት። ቤተሰቡን መፈለግ ይቻል ነበር። አድራሻው ማህደሩ ላይ ነበር። አልፈለጉም። «ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ፤ መልሱን ግን ሳይጠብቁ ቁም ሣጥኑን ቆለፉ።

በወሩ ለጡረታ ወረቀት ጉዳይ ወደ ጎዳናው ሄዱ፤ ቀኑ ረቡዕ ነበር። ታክሲው በአሮጌው ሕንፃ ፊት ሲያልፍ፣ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ከታጠረው ሕንፃ ትይዩ፣ ግንቡ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ አቶ ፈቀደ ተቀምጠዋል። ጥላው በጉልበቶቻቸው መካከል ነው። ዓይናቸው የመዝገብ ቤቱ መስኮት በነበረበት ላይ ተተክሏል።

አቶ አምሐ ቤታቸው ሲደርሱ ከንፈራቸው ነጭ ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሰምተው አማተቡና ጸበል አዘዙ። አቶ አምሐ ሰባት ቀን ተጠመቁ። በስምንተኛው ቀን፣ መንፈሱ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ብቻ፣ ከቀራንዮ ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ሄዱ። አለ።

«በጸበል የማይለቅ የመንግሥት ሠራተኛ መንፈስ ብቻ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ፤ ያሉት ለመቀለድ ቢሆንም በዚያ ሌሊት መብራቱን አላጠፉም።

ከዚያ ወዲያ አቶ አምሐ ረቡዕ ቤት መቀመጥ ተሳናቸው። አለመኖሩን ለማየት ይሄዳሉ፤ መኖሩን አይተው ይመለሳሉ። ቀን በቀን፣ በሕዝብ መካከል፣ ሎተሪ አዟሪው በአጠገቡ እያለፈ የሚቀመጥ መንፈስ የጨለማውን ያስንቃል፤ ከእርሱ የሚያስጥል ንጋት የለውምና። አንድ ጊዜ ደፍረው ከታክሲ ወረዱ። ዐሥር ርምጃ ያህል ሲቀራቸው መንፈሱ ከግንቡ ተነሣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያው በለመዱት ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ተገኘ?» አለ።

አቶ አምሐ በስድሳ አንድ ዓመታቸው እስከሚቀጥለው ፌርማታ ሮጡ።

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት አለፈ፤ መንፈሱም አልለቀቀም። በዚህ ሳምንት ረቡዕ ግን ተአምር ሆነ። ግንቡ ባዶ ነበር። አቶ አምሐ ታክሲውን ወርደው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሲመለሱ አየር ጤና ወርደው ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዙ። «ለቀቀኝ፣ ወለቴ። ሄደ» አሉ። ባልና ሚስት ብርቱካኑን እየላጡ እስኪመሽ ሳቁ።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የገባችው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋገነት ናት፤ ከኋላዋ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ተከትላታለች።

«ጋሽ አምሐ፣ እንዴት አደሩ። ይቺ ውዳሴ ናት፤ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት። አባቷ አርፈውባታል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ መድኃኔ ዓለም ነው። የእነሱ እድር ጸሐፊ ደግሞ ሲጽፍ ሟችና አልቃሽ የማይለይ ነው፤ ይርዷት ብዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ አቶ አምሐ፤ መነጽራቸውን አድርገው ባለ መስመር ወረቀታቸውን አወጡ። «የአባትሽ ሙሉ ስም?»

«ፈቀደ ሰብስቤ።»

ብዕሩ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ። «መቼ… መቼ ነው ያረፉት?»

«ትናንት ማታ።»

«የዚህ ዓመት?»

«ትናንት አለችህ እኮ!» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከወዲያ፤ ወዲያው ግን ስሙ የገባቸው መሰለ፤ የያዙትን ሳህን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሞክሼ ይሆናል» አሉ አቶ አምሐ ለራሳቸው፤ ጠየቁ፤ ጻፉ። በ1939 ዓ.ም. በጉራጌ አገር ቸሃ ተወለዱ። በዐሥራ አራት ዓመታቸው መርካቶ አጎታቸው ዘንድ መጡ። የማታ ተማሩ። በ1968 በመንግሥት ሥራ ተቀጠሩ። እጃቸው እየጻፈ ጆሯቸው የሚመጣውን ይጠብቅ ነበር።

«እስከ 1995 የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር» አለች ውዳሴ። «ከዚያ በኋላ… በግል ሥራ ተሰማርተው ይበሉት።»

«ምን የግል ሥራ?»

«ምንም። እንዲያው ይበሉት።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እውነቱን ካነበብን ቀብሩ ላይ ይስቃሉ፣ ጋሽ አምሐ። ጀነሬተር ሰርቆ ተባረረ ነው የሚሉት። ስሙም እሱ ሆኖ ቀረ፤ ጀነሬተሩ። እኔ ትምህርት ቤት የጀነሬተሩ ልጅ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ እስኪ አቶ ፈቀደ ያቺን ነገር አስነሷት ይላል። አባዬም አብሮ ይስቅ ነበር። ከሳቀ በኋላ ግን አይበላም።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ከንፈሯን መጠጠች። አቶ አምሐ ቀና አላሉም።

«ነጻ ያወጣው ወረቀት አለ ይል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ እዚያ ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ ሲዛወር እንኳ አልተወም፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ማህደርዎ ከዚህ ሕንፃ አልወጣም ብሎኛል ይላል። አፍርሰውት ወረቀቱን እንዳይጥሉት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ አለኝ። ያለፈው ሳምንት ረቡዕ እንኳ ሄዶ ነበር፤ ጥላውን ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጥቶ በዝናብ መጣ። ብርዱ ሳንባው ገባ።»

ከውጭ የጎረቤት ፎቅ ግንበኞች አሸዋ ሲያበጥሩ ይሰማል።

«አንድ ቀን ግን» አለች ውዳሴ፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ፤ «አምና ነው፤ እየሳቀ ገባ። ኮምፒውተር የሚሉትን የመዝገብ ቤቱን ሰው አገኘሁት አለኝ። ተገኘ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሮጠ! አለኝ። እንግዲህ ውዳሴ፣ ሰው ሳያገኘው አይሮጥም፤ ሊያመጣልኝ ነው የሮጠው። ከዚያ ወዲያ ለአንዲት ረቡዕ እንኳ አልቀረም።»

አቶ አምሐ መነጽራቸውን አወለቁ። መንፈስ ነው ብለው የሸሹት ሰው እስከ ትናንት ማታ ሥጋ ለባሽ ነበር፤ ይርበው፣ ይበርደው፣ ይጠብቃቸው ነበር። የፈሩት ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ፣ ያልፈሩት ሁሉ ሆኗል። ሚስታቸውን አዩ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አቶ አምሐ፣ ሚስታቸው ማህደሩ ያለበትን የሚያውቁ አይመስላቸውም ነበር።

ማህደሩ ወጣ። መሐሉ ላይ የመደርደሪያው እግር አራት ማዕዘን አድርጎ ያተመበት አለ። አቶ አምሐ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አውጥተው ለውዳሴ ሰጧት። ቆማ አነበበች፤ ጀነሬተሩ ሚኒስቴሩ ራሱ ልኮት በአንድ የክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ መገኘቱን፣ አቶ ፈቀደ ሰብስቤ ከተጠያቂነት ነጻ መሆናቸውንና ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ መወሰኑን። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የት ነበር?»

«ከመደርደሪያ ሥር። እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ ረሳሁት። ኮምፒውተር የሚሉት እኔ ነኝ።»

«ሲገኝስ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው። ሞተዋል ብለው ነገሩኝ። ሳያቸው… የሞቱ መስለውኝ ነው የሮጥኩት።»

ውዳሴ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችምም። ይህ ለአቶ አምሐ ከሁሉ የከፋ ነበር። ወይዘሮ ሸዋገነት ነገሩን ልታበርድ ጣልቃ ገባች። «እንግዲህ ዋናው መገኘቱ ነው። ከሚኒስቴሩ ተገኘ ብለን እናንብበው፤ ማን ይጠይቃል? የጋሽ አምሐም ስም አይነሣ፤ የእድር ጸሐፊያችን ናቸው፤ የሰው አፍ…»

«የአባዬ ስም ሃያ ዓመት ተነሥቷል» አለች ውዳሴ። ከዚያ ወደ አቶ አምሐ ዞረች። «እርስዎ ይጽፉታል። እርስዎ ያነቡታል። መደርደሪያውንም ጭምር። እኔ ሱቅ ሄጄ ይህን ላባዛ፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ያምጡልኝ።» ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ወጣች።

አቶ አምሐ ጻፉ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ብዕር አልከበዳቸውም። ሌላውን ሰው ማሳመር ለምደዋል፤ ራሳቸውን ግን ሲጽፉ ቃላቱ ሁሉ የሚያውቋቸው ባለጉዳዮች ይመስሉ ነበር፤ ተሰልፈው የሚያዩዋቸው። «ባጋጣሚ» ጻፉና ሰረዙ። «በሥራ ብዛት» ጻፉና ሰረዙ።

«አናጢው ስላልመጣ በል እንዳልልህ» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከጀርባቸው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልቀለደም።

ዓለም ባንክ ሲደርሱ የፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ጥቁር የለበሱ ሁለት ሴቶች ደጃፉ ላይ ቆመው «በሐዘን ቀን ሱቅ ይከፈታል?» ይላሉ። ውዳሴ ከማሽኑ ፊት ቆማ ሳትዞር መለሰችላቸው፦ «ሃያ ዓመት የአባዬን አቤቱታ ያነሣ ማሽን ነው። ዛሬም የእሱን ነው የሚያነሣው።» ወረቀቱ በነጭ ብርሃን ታጥቦ ይወጣል፤ ሌላው ይከተላል።

የአቶ አምሐን ጽሑፍ ተቀብላ በዓይኗ ሮጠችበት። መደርደሪያው አለ። ወለሉ አለ። ዐሥራ ዘጠኙ ዓመት አለ።

«ሁለቱ ዓመት የት አለ?»

አቶ አምሐ ዓይናቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ።

«መደርደሪያው ስህተት ነው፣ ጋሽ አምሐ። ስህተትስ ማንም ይሳሳታል። ቁም ሣጥኑ ግን ስህተት አይደለም።» ከማሽኑ ላይ ባዶ ወረቀት አንሥታ እስክሪብቶ ጨምራ ሰጠቻቸው። ለባለጉዳይ በተዘጋጀችው አነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጨመሩት። ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ሰዓቱ ግን ወደ ስምንት ተጠጋ።

በዘጠኝ ሰዓት የመድኃኔ ዓለም ግቢ በሰው ሞላ። ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ ፈቀቅ ሲሉ አቶ አምሐ ወደ አስከሬኑ ቀርበው መነጽራቸውን አደረጉ። ሰው ሁሉ የለመደውን ጣፋጭ ቃል ጠበቀ። ትውልዱን አነበቡ፤ መርካቶን፣ የማታ ትምህርቱን፣ ቅጥሩን። 1995 ላይ ሲደርሱ ከኋላ አካባቢ ሁለት ሰዎች ሲጎሻሸሙ አዩ፤ አንዱ ፈገግ ብሏል። አቶ አምሐ ቃለ ጉባኤውን በቁጥሩና በቀኑ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ አነበቡ። ፈገግታው ተከደነ። ቀጠሉ፦

«ይህ ውሳኔ ለአቶ ፈቀደ ያልደረሳቸው፣ ማህደራቸውን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አምሐ ወልደ ሰንበት የመደርደሪያ እግር መደገፊያ አድርጎት ስለረሳው ነው። በ2015 ዓ.ም. ማህደሩ በተገኘ ጊዜም ይኸው ሰው አቶ ፈቀደ ሞተዋል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ሳያጣራ፣ ቤተሰባቸውንም ሳይፈልግ፣ ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ በቤቱ ቆልፎበት ኖሯል። አቶ ፈቀደ በሕይወት ሳሉ በመንገድ አግኝተው ሲጠይቁት ሸሽቷቸዋል።»

ድምፃቸው የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው። የሟቹን ልጆች ስም ውዳሴ ጽሑፉን ከእጃቸው ተቀብላ አነበበች።

ሁለት መቶ ቅጂ ተባዝቶ ነበር። አንዱ ገጽ ቃለ ጉባኤው፣ ጀርባው የአቶ አምሐ ጽሑፍ ነው። ቀብሩ ሲያበቃ የውዳሴ ወንድም ሰብስቤ በግቢው በር ቆሞ ለእያንዳንዱ ሰው አደለ። በር ላይ ቆሞ ቀባሪውን «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ማሰናበት በልማድ የአንባቢው ድርሻ ነው፤ ስለዚህ አቶ አምሐ ከሰብስቤ ጎን መቆም ነበረባቸው። ወይዘሮ ሸዋገነት ክንዳቸውን ይዛ «ይሂዱ፣ እኔ እቆምልዎታለሁ» ብትላቸው አልሄዱም።

ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ወረቀቱን ይቀበላል፣ ያነብባል፣ ቀና ብሎ ያያቸዋል። አንዳንዱ ሲያያቸው ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዱ አያያቸውም፤ በተለይ የዓለም ባንክ ጎረቤቶች፣ በመስኮት ብቅ እያሉ «አስነሷት» ይሉ የነበሩት፣ ወረቀቱን አገላብጠው ቶሎ አጠፉት፤ የራሳቸው ስም የሆነ ቦታ ተጽፎ እንዳይገኝ የፈሩ ይመስል ነበር። ውዳሴ በአጠገባቸው አለፈች። አላመሰገነቻቸውም፤ አልገሠጸቻቸውም፤ ብቻ ሕዝቡ እስኪያልቅ በሩን ሳይለቁ መቆማቸውን አየች።

በመጨረሻ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ቀሩ። ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ አስጠግተው፣ በከንፈራቸው እየቆጠሩ አንብበው ጨረሱ። ከዚያ ስሙ ላይ ጣታቸውን አኑረው ቀና አሉ።

«ይሄ አምሐ የሚለው… እርስዎ ነዎት?»

ቀራንዮ ላይ ደመናው ዝቅ ብሎ፣ ከላይ ያለው መንገድ በታክሲ ጥሩንባ ይጮሃል። አቶ አምሐ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አዎ፣ አባቴ። እኔ ነኝ።»